የበጎ አድራጎት ገንዘብና የነጋዴ ብልኀት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በታዘዝሁ ጊዜ የተሰጠኝ ርእስ «መረዳዳት» የሚል ነበር። ርእሱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ስለ መረዳዳት በየበዓሉ ብዙ የተባለ ስለሆነ እኔ ከቀደሙኝ ተናጋሪዎች የተሻለ ቃል አላገኝም። ስለዚህ የበዓሉን ኮሚቴ አስፈቅጄ ስለ ገንዘብ ልናገር መጥቻለሁ፤ ይኸውም ለችግረኛ ተብሎ ስለሚሰበሰበው ገንዘብ ነው። አንዳንድ ሰው በጎ አድራጎትና የንግድ ሒሳብ በአንድ አፍ ሲነሡ ቅር ይለዋል። እኔም እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ እንደዚያው ነበርሁ። አሳቤን የለወጠው የሠራነው ስሕተት ስለሆነ ከስሕተቱ ብጀምር ይሻላል።

ከሁለት ዓመት በፊት የበጎ አድራጎት ክበባችን ለችግረኛ ተማሪዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ የቲያትርና የመዝሙር ምሽት አዘጋጅቶ እንደ ነበር ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ ይመለከት ነበር። ትኬቱ 30 ብር ነው፤ 380 ትኬት ሸጠን 11,400 ብር አገኘን። በዚያች ሌሊት ከደስታ የተነሣ እንቅልፍ የወሰደው የክበባችን አባል ያለ አይመስለኝም። በማግሥቱ ወጪውን መጻፍ ጀመርን። ለድምፅ ማጉያ ኪራይ 4,500 ብር፤ ለወንበር ኪራይ 2,400 ብር፤ ለክብር እንግዶች ለስላሳ መጠጥ 2,300 ብር፤ ለማስታወቂያ ወረቀት ማሳተሚያ 1,150 ብር፤ ለፊኛና ለአበባ 600 ብር። ድምሩ 10,950 ብር ሆነ። የቀረው 450 ብር ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰው ለችግረኛ ብሎ ከሰጠው ከእያንዳንዱ ብር ለችግረኛው የተረፈው አራት ሳንቲም እንኳ አልሞላም ማለት ነው። የከበረ እንግዳ የጠጣው ለስላሳ ለድኻ ከቀረው አምስት እጅ በለጠ።

ይህ የገንዘቡ ስሕተት ነው። ሌላው የባሰ ነበር። ምሽቱ ሊያበቃ ሲል የሰውን ልብ እናራራ ብለን ሦስት ተማሪዎችን ወደ መድረክ አወጣን። ሦስቱም ከገጠር መጥተው፣ ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ከወላጆቻቸው በሚላክ ስንቅ የሚማሩ ነበሩ። አንዱ አባቱ ሞቶበታል፤ ሁለተኛዋ ስንቅ ሲያልቅባት ጾሟን ትውላለች፤ ሦስተኛው የቤት ኪራይ ካቃተው ሁለት ወር ሆኖታል። ይህ ሁሉ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ያነበብሁት እኔ ነኝ። ሰውም አለቀሰ፤ ሰሐን ዞረ፤ የተገኘው ለሦስቱ ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 240 ብር ደረሳቸው። እነርሱም እጅ ነሥተው ወረዱ።

ሰኞ ዕለት አንዱ ወደ ክፍል አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁና ይበቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ሆነን ፈልገን በገበያው ዳር ባለ ወፍጮ ቤት አገኘነው፤ ዱቄት ከራሱ እስከ እግሩ ለብሶ እህል ይሸከማል። ለምን እንደ ቀረ ስንጠይቀው አልተቆጣም። «ገንዘቡን ወስጃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከዚያ በኋላ የክፍሉ ሰው ሁሉ ሲያየኝ እኔን አያይም፤ የተነበበውን ወረቀት ነው የሚያይ» አለን። ቀጥሎም «ሥራ አለ ብላችሁኝ ቢሆን እመጣ ነበር» አለ። እኛ የምንመልሰው ስላልነበረን ዝም ብለን ወጣን።

ከዚህ በኋላ እኔ ሌሎች ሰዎች ለበጎ ሥራ ገንዘብ እንደምን እንደሚያገኙ ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ። ዘመኖቹን ሁሉ የማነሣው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ያነበብሁት በአገራችን ስማቸው ስለሚታወቀው ስለ ካርል ሄይንዝ በም ነው። እኚህ ሰው በ1928 በጀርመን የተወለዱ የፊልም ተዋናይ ነበሩ፤ አባታቸውም ስመ ጥር የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበሩ። በ1950ዎቹ ውስጥ በታወቁት የሲሲ ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው በመጫወታቸው ገና በወጣትነታቸው ስማቸው ገነነ። በግንቦት 1981 ብዙ ሕዝብ በሚመለከተው በአንድ የጀርመን የቴሌቪዥን የውርርድ ጨዋታ ላይ ቀርበው ተወራረዱ። ውርርዱም ይህን ከሚመለከቱት ሰዎች ከሦስት አንዱ እንኳ በአፍሪካ ለተራቡት አንድ ማርክ አይሰጥም የሚል ነበር። ቢረቱ ራሳቸው ወደ አፍሪካ ሄደው እንደሚረዱም ተናገሩ። ሰዎቹ ከሦስት አንድ አልሞሉም፤ እንግዲህ በውርርዱ ረቱ ማለት ነው፤ ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ማርክ ተሰበሰበ። እርሳቸውም ብረታም እሄዳለሁ ብለው በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኅዳርም «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ የመጀመሪያውም ሥራ በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ተጀመረ። እስካረፉበት እስከ 2014 ድረስ የተዋናይነታቸው ዝና ከዚህ ሥራ ቀጥሎ የሚነሣ ሆነ።

ውርርዱን ከእኛ ምሽት ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ታየኝ። እርሳቸው የጠየቁት ከጥቂት ሰው ብዙ ሳይሆን ከብዙ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ማርክ መስጠት የሚያቅተው ተመልካች የለም። ደግሞም ያፈረና ፊቱን በእጁ የሸፈነ ድኻ በመድረክ አላቆሙም፤ ያቆሙት ራሳቸውን ነው፤ ያስያዙትም የገዛ ስማቸውን ነው። እልኸኛውን ተመልካች በእልኹ ገቡበት። ይህ ገበያተኛውን የሚያውቅ ነጋዴ የሚያደርገው ነገር ነው። ገንዘቡን ከሰበሰቡ በኋላ ለሌላ ሰው ሰጥተው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ኖሮ ግን ዛሬ ስማቸውን የምናነሣ አይመስለኝም።

ይህን አንብቤ በጋለ ስሜት አንድ የልመና ደብዳቤ ጻፍሁ። የአማርኛ መምህራችን አርመውልኝ በእውነቱ ያማረ ደብዳቤ ሆኖ ነበር። ይዤው በከተማችን ወዳሉ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። እኚህ ሰው ለምሽቱ አሥር ትኬት ገዝተው አንዱንም ሳይጠቀሙበት የቀሩ ናቸው። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀውም «ልጄ፣ ያ ያለፈው ሦስት መቶ ብር ምን ሠራ?» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ ውስጥ ለድኻ የደረሰው አሥራ ሁለት ብር ያህል ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? እርሳቸውም ነገሩ ስለ ገባቸው አላሳፈሩኝም፤ ሻይ አጠጥተው «ሒሳቡን ይዘህ ስትመጣ እንነጋገራለን» ብለው አሰናበቱኝ። እኛ በስውር መስጠት እንደሚገባ በትምህርታችን ሁሉ ተምረን አድገናል፤ ይህም ለሰጪው ትክክል ነው። ለተቀባዩ ማኅበር ግን ስውርነት አይሆነውም፤ በእጁ ያለው ገንዘብ የራሱ አይደለምና።

አሁን ወደ ሕንድ አገር ልውሰዳችሁ። የሳይንስ መምህራችን ስለ ዐይን በሚያስተምሩበት ጊዜ በደቡብ ሕንድ በማዱራይ ከተማ ስላለው አራቪንድ ስለሚባለው የዐይን ሆስፒታል አንሥተውልን ነበርና እኔ ተከታትዬ አነበብሁ። ካነበብሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ስለሆነ ጥቂት ብቆይበት ይቅርታ አድርጉልኝ።

የሆስፒታሉ መሥራች ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ጽኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዟቸው የእጃቸውን ጣቶች አጣመመው። እንደዚያም ሆኖ በተጣመሙት ጣቶቻቸው ስለት ይዘው ዐይን መቅደድ ተማሩ። በመንግሥት ሥራ ቆይተው በ1976 በ58 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ሌላው ሰው በዚህ ዕድሜ ጥላ ሥር ወንበር ያወጣል፤ እርሳቸው ግን ቤታቸውን መያዣ አስይዘው ከእኅት ወንድሞቻቸው ጋር 11 አልጋ ያለው ትንሽ የዐይን ሆስፒታል ከፈቱ። አሳባቸውም የዐይን ሞራ ብርሃኑን የከለለበት ሰው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ታውሮ እንዳይቀር ነው። እንደምታውቁት የዐይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ሕመም ነው። ጥቂት ጊዜ ለሚፈጅ ሥራ ሲባል አንድ ሰው ዕድሜውን ሁሉ በልጅ እየተመራ መኖሩ እርሳቸውን ዕረፍት ነሣቸው።

እንግዲህ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እርሳቸው የሠሩት ሥራ ለችግረኛውም ለባለገንዘቡም በአንድነት ሆስፒታሉን መክፈት ነው። መክፈል የሚችለው የተመጠነ ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ለማይችለው ይሆናል። ከሚታከሙት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በነጻ ወይም እጅግ በቀነሰ ዋጋ ይታከማሉ፤ ሆስፒታሉም አይከስርም። የሚከፍለው ሰው የተሻለ ክፍልና አልጋ ያገኛል፤ ዐይኑን የሚቀድደው ሐኪም ግን ነጻ ታካሚውን ከሚቀድደው ሐኪም የተለየ አይደለም። ሐኪሞቹ በሁለቱም ወገን እየተዘዋወሩ ይሠራሉ።

ይህ ሁሉ ወጪው ካልቀነሰ አይሆንም። ዶክተሩ ወደ አሜሪካ ሄደው ሳለ የማክዶናልድ ምግብ ቤቶችን አይተው ተደነቁ ይባላል። የተደነቁት በምግቡ አይደለም፤ በየከተማው ያለው ሠራተኛ ሁሉ ያንኑ ነገር በዚያው ዐይነት፣ ሳያበላሽና ሳይዘገይ እንዲሠራ መደረጉን ተመልክተው ነው። በሆስፒታላቸውም ሥራውን ከፋፈሉት። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ሠልጥነው ታካሚውን ይመረምራሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ያስታምማሉ፤ ሐኪሙ ሐኪም ብቻ የሚሠራውን ይሠራል። በቀዶ ሕክምናው ክፍል ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ ሐኪሙ የአንዱን ሲጨርስ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ዞር ብሎ ይቀጥላል። ሞራው ከተነሣ በኋላ በዐይን ውስጥ የሚገባው ትንሽ መስተዋት ከውጭ አገር ሲመጣ ዋጋው ለድኻ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ በ1992 አውሮላብ የተባለ የራሳቸውን ፋብሪካ አቁመው መስተዋቱን እዚያው በማዱራይ መሥራት ጀመሩ፤ ዋጋውም ወደ አሥር ዶላር ገደማ ወረደ፤ ዛሬ ለብዙ አገሮች ይሸጣል። ዶክተሩ በ2006 አረፉ፤ ሥራው አልቆመም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር አለ። በአራቪንድ በነጻ ልታከም የሚል ሰው ድኻ መሆኑን አስረዳ አይባልም፤ የምስክር ወረቀት አምጣ አይባልም። የነጻው በር ይኸው፣ የክፍያው በር ይኸው፤ ሰውየው ራሱ መርጦ ይገባል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኝ የነበረው ዱቄት የለበሰው ልጅ ነው።

የነጋዴ ብልኀት ያልሁት እንግዲህ ይህን ነው። ትርፍ ማግበስበስ ማለቴ አይደለም። ወጪን እስከ ሳንቲሙ ማወቅ፤ ለሰው የሚሰጡትን ነገር ጥሩ አድርጎ መሥራት፤ ገበያተኛው ነገ ተመልሶ እንዲመጣ ዛሬ አለመዋሸት፤ ከትንሽ ጀምሮ መነሻውን አለመብላት። ሥራ ፈጣሪ የሚባለውም ሰው ሀብታም ከሆነው ይልቅ ይህን የሚያደርገው ይመስለኛል።

የእኛ ክበብ የቀረውን 450 ብር ይዞ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከረ። ደብተር ይገዛበት የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት መምህርት 1,500 ብር አበደሩንና ገብስ ገዝተን ቆሎ ለመሸጥ ወሰንን። ገብሱን ከየት እንደምንገዛ የጠየቅነው ያንኑ የወፍጮ ቤት ልጅ ነው። እርሱም ንጹሕ ገብስ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጥልንን ሰው አመለከተን፤ ከከረጢቱ አፍ ያለውን ብቻ አይተን እንዳንገዛ፣ እጃችንን ወደ ውስጥ ሰድደን እንድናወጣም አስጠነቀቀን።

የመጀመሪያው ሳምንት ኪሳራ ነበር። ቆሎው ሳይበርድ በላስቲክ ስላሸግነው ላብ ጠጥቶ ለሰሰ፤ 60 ከረጢት ተመለሰብን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠጠር ነከሰ፤ የዚህን ወሬ ለማጥፋት አንድ ወር ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ቀና። አንዱን ከረጢት በ10 ብር እንሸጣለን፤ ገብሱና ላስቲኩ 6 ብር ይፈጃል፤ እንግዲህ 4 ብር ተረፈ ብለን በኩራት ሒሳቡን ለሒሳብ መምህራችን አሳየናቸው። እርሳቸው ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «የእናቶቻችሁን ጉልበት የት ጻፋችሁት?» አሉን። እውነት ነው፤ ቆሎውን የሚቆሉልን የሁለት ጓደኞቻችን እናቶች ነበሩ። ምጣዱ የእነርሱ፣ ማገዶው የእነርሱ፣ ጭሱም የእነርሱ ነው። እኛ ከሴት ወይዘሮ ዐይን በወጣ እንባ እያተረፍን በጎ አድራጊ ተብለናል። ማገዶውንና የቆይዎቹን ድካም፣ የአሻጊዎቹንም ክፍያ ጨምረን ስንጽፍ ትርፉ 2 ብር ሆነ። ሁለት ብር ከአራት ብር ያንሳል፤ ነገር ግን እውነተኛ ሁለት ብር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሎ ማሸግ ለማናቸውም ተማሪ ክፍት ነው፤ ለሠራበት ሰዓት ይከፈለዋል። የነጋዴም ልጅ ያሽጋል፤ ስንቅ ያለቀበትም ያሽጋል፤ ማን ለምን እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ከትርፉም የቤት ኪራይ የሚከፈልላቸውን ተማሪዎች ስም የሚያውቁት ሁለት መምህራን ብቻ ናቸው። እኔ ሊቀ መንበሩ እንኳ አላውቀውም፤ እንዳላውቅም ፈርሜያለሁ።

በንግድ የሚገኝ ምጽዋት እንደ ምጽዋት አይቆጠርም የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ለእነርሱ የምመልሰው በወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ ነው። ወይዘሮ አበበች በ1980 ለግሸን ማርያም በዓል ወደ ወሎ ተሳልመው ሲመለሱ በረኃብ ከወደቁት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ይህን ባለመቀበላቸው እርሳቸው የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በደሳሳ ጎጆ መኖር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ እርዳታ ሰጪ አልነበራቸውም፤ ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ነው ልጆቹን ያሳደጉ። ኋላ ድርጅታቸው አድጎ ከውጭም ከውስጥም ለጋሾች ባገኙ ጊዜ እንኳ የገቢ ማስገኛውን ሥራ አልተዉትም። በ2021 ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸው ስንት ሺህ ሰው ነው! ያ በሽያጭ የተገኘ እንጀራ ምጽዋት ካልሆነ እኔ ምጽዋት የቱ እንደ ሆነ አላውቅም።

ይሁንና ንግድ ሁሉንም ይችላል እንዳልል እፈራለሁ። በ1984 እና በ1985 በአገራችን የደረሰውን ረኃብ የቱ ሱቅ፣ የቱ ቆሎ ይመልሰው ነበር? በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ታይቶ ለዚሁ ረኃብ ገንዘብ አሰባስቧል። ቤት ሲቃጠል ውኃ ይለመናል እንጂ ጉድጓድ አይቈፈርም። እኔ የምናገረው እሳት ስለሌለበት፣ ድኽነቱ ግን በየዓመቱ በመስከረም ተመልሶ ስለሚመጣበት ስለ እኛ ዐይነቱ ቦታ ነው።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም። ባለፈው ዓመት ትርፉ ጥቂት እየከበደ ሲሄድ አንድ አባል «የክበቡ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ለእያንዳንዳችን ይሠራልን» የሚል አሳብ አቀረበ። ደክመናል፤ ይገባናል ተባለ። እጅ ሲወጣ የእኔም እጅ ወጥቷል። ገንዘብ ያዣችን ግን አልከፍልም ብላ መዝገቡን ዘግታ ወጣች፤ በማግሥቱም የእናቷን የዕድር ደንብ ይዛ መጣች።

እኔ ዕድርን ለለቅሶ ብቻ የተሠራ ማኅበር አድርጌ ነበር የማየው። ደንቡን ሳነበው ተገረምሁ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ወርኀዊ መዋጮው፣ ያልከፈለ ሰው የሚቀጣው፣ የቀረ ሰው የሚጠየቀው ሁሉ ተጽፏል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ አባል ላልሆነ ሰው ለሠርግ ሲከራይ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ማን እንደሚከፍል እንኳ ሰፍሯል። ገንዘብ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሬሳ በክብር እንዲቀበር ብለው ይህን ያህል ሒሳብ ሲይዙ፣ እኛ የተማርነው ለሕያው ተማሪ አንድ ደንብ አልነበረንም! ከዚያ ደንብ ብዙውን ገለበጥን። ሁለት ፊርማ፣ በየሦስት ወሩ ምርመራ፣ ለአባላት ጥቅም የሚወጣ ገንዘብ ከአባላቱ ኪስ እንዲሆን። ካናቴራው ቀረ። የቀየሙ ሁለት ልጆች ከክበቡ ወጡ፤ አንዱ ቆሎ ብቻ ሊገዛ ይመጣል።

ወደ እህል ነጋዴው ዘንድ የሄድሁት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ገጽ ሒሳብ ይዤ ነበር፤ የሦስቱን መቶ ብር ታሪክም ከነውርደቱ ጽፌበታለሁ። ረጅም ጊዜ ወስደው አነበቡት። ገንዘብ አልሰጡኝም። ከመጋዘናቸው አሮጌ ሚዛን አውጥተው አቧራውን አራግፈው ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ የምንመዝነው በእርሱ ነው።

በዚህ ዓመት 6,120 ከረጢት ቆሎ ሸጠን 12,240 ብር አተረፍን። ለአራት ተማሪዎች በወር 200 ብር ሒሳብ የስምንት ወር የቤት ኪራይ ድርሻ 6,400 ብር፤ ለደብተርና ለእስክሪብቶ 2,170 ብር፤ ሰሌዳ ለማይታየው ለአንድ ተማሪ መነጽር 1,800 ብር ወጣ። ቀሪው 1,870 ብር በሣጥን ውስጥ አለ። መዝገቡ በአዳራሹ በር አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ወላጆች ስትወጡ አገላብጣችሁ እዩልን፤ ስሕተት ያገኘ ቢኖር ጸሐፊዋ እዚያው ቆማለች።

ያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ባለፈው ሳምንት ገብስ ልንጭን ሄደን አገኘሁት፤ በመስከረም በማታ ትምህርት ሊመዘገብ እንደሚያስብ ነገረኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጀምሬ ነበር፤ እርሱ ግን «ይልቅ ያዝ፣ ይህ ጆንያ ከባድ ነው» አለኝና አብረን ጫንን።

የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእኔ ጋር ነው። ከዚህ መድረክ ስወርድ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ለተመረጠችው አዲስ ሊቀ መንበር በእናንተ ፊት አስረክባታለሁ። በጠረጴዛው ሥር ደግሞ 80 ከረጢት ቆሎ አለ። የታሸገው ትናንት በርዶ ካደረ በኋላ ነው፤ ጠጠሩም ሁለት ጊዜ ተለቅሟል። ዋጋው 10 ብር ነው።